ማርሹን ማን ቀየረው?

ቱሉ ዲምቱ የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ የሚጀመርበት ሰፈር ነው። በአንድ ወገን የክፍያ ጣቢያው፣ በሌላ ወገን ጋራዦች፣ ጎሚስታዎችና የመለዋወጫ ሱቆች፣ ወደ ቂሊንጦ በኩል ደግሞ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አሉ። ከዚህ በታች የሚነጋገሩት አንድ በካምቢዮ ጥገና የቆዩ መካኒክና አንዲት የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ናቸው። ጉዳያቸው ድራግ ሬስ ነው፤ ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ከቆሙበት ተነስተው በቀጥታ መንገድ ላይ 402 ሜትር የሚሽቀዳደሙበት ስፖርት።

ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? ለመመረቂያ ሥራችን አንድ አሮጌ ኮሮላ አግኝተናል። ለድራግ ሬስ ልናዘጋጀው አስበናል። ካምቢዮው አውቶማቲክ ስለሆነ ግን አውርደን ማንዋል እንግጠምለት እያልን ነው። በአውቶማቲክ እሽቅድምድም ይሆናል እንዴ?

መካኒኩ፦ ደህና ዋልሽ ልጄ? ይሆናል እንጂ። ስፖርቱ በተወለደበት አገር፣ በአሜሪካ፣ በሳምንት መጨረሻ የሚሽቀዳደሙት አማተሮች በብዛት የሚይዙት አውቶማቲክ ነው። ሸቭሮሌ እ.ኤ.አ. በ1950 ያወጣው ባለ 2 ማርሹ ፓወርግላይድ፣ ፋብሪካው በ1973 ማምረቱን ቢያቆምም፣ ዛሬም በእሽቅድምድም ሜዳ ይፈለጋል። ጄኔራል ሞተርስ በ1964 ያወጣው ባለ 3 ማርሹ ቱርቦ 400ም እንደዚሁ።

ተማሪዋ፦ ባለ 2 ማርሽ? የዘንድሮ መኪኖች 8 እና 10 ማርሽ እያላቸው?

መካኒኩ፦ ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ከሞተሩ ወደ ጎማ የሚሄደው ጉልበት ላፍታ ይናጋል። ሾፌሩም ሊቀድም ወይም ሊዘገይ ይችላል። ሩጫው በ10 ሴኮንድ ለሚያልቅ መኪና አንዴ ብቻ መቀየር ማለት ስህተት የሚገባበትን በር አንድ ብቻ ማድረግ ነው።

ተማሪዋ፦ ስሌቱ ግን አልመጣልኝም። የፓወርግላይድ አንደኛ ማርሽ 1.76 ነው፣ ሁለተኛው 1። በደቂቃ 7,000 ዙር ላይ ብቀይር ሞተሩ ወደ 3,980 ገደማ ይወርዳል። እዚያ ላይ የእሽቅድምድም ሞተር ጉልበቱ ገና ነው።

መካኒኩ፦ ፍሪሲዮን ላለው ካምቢዮ ስሌትሽ ልክ ነው። አውቶማቲክ ላይ ግን በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ያለው ዘይት ነው። ዘይቱ የሚሠራበትን ክፍል፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ኮንቨርተር፣ ተመልከቺ፤ ውስጡ እንዲታይ በብየዳው መስመር ቆርጬዋለሁ። ይኼ ዙሪያውን ክንፍ ያለው ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ፓምፕ ነው። ፊት ለፊቱ ያለው ተርባይን ደግሞ ከካምቢዮው ዘንግ ጋር ይያያዛል። መሀል ላይ ያለችው ትንሿ ስታተር ናት። እስቲ በጣትሽ አዙሪያት።

ተማሪዋ፦ ወዲህ ትዞራለች፣ ወዲያ ትነክሳለች።

መካኒኩ፦ ሥራዋ እሱ ነው። ፓምፑ ዘይቱን ወደ ተርባይኑ ይረጫል፤ ውሃ የወፍጮን መዘውር እንደሚመታው ክንፎቹን ይመታቸዋል። መትቶ የሚመለሰው ዘይት ፓምፑን እንዳይቃወመው ስታተሯ አቅጣጫውን አስቀይራ ትመልሰዋለች። በዚህ ምክንያት መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲጮህ ካምቢዮው የሚያገኘው የመጠምዘዝ ኃይል ሞተሩ ከሰጠው 2 እጥፍ አካባቢ ይደርሳል። ጎማው ሳይንቀሳቀስ ሞተሩ ሊወጣ የሚችልበት የዙር ጣሪያ ስቶል ይባላል። በቤት መኪና 2,000 ዙር አካባቢ ነው፤ ለእሽቅድምድም የሚሠራው ከ5,000 ሊያልፍ ይችላል። በይ አሁን ስሌትሽን እንደገና ሥሪው።

ተማሪዋ፦ እንግዲያው በ7,000 ስቀይር ዘይቱ ስለሚንሸራተት ሞተሩ እስከ 3,980 አይወርድም። 5,000 አካባቢ ይያዛል። ጉልበቱ ካለበት ቦታ ሳይርቅ ይቆያል ማለት ነው። የጎደሉትን ማርሾች ኮንቨርተሩ ይተካል።

መካኒኩ፦ ተባረኪ። ዋጋው ግን ሙቀት ነው። እስቲ ይኼን ዘይት አሽቺው። አዲስ ሲሆን ቀይ ነበር፤ አሁን ጠቁሯል፣ ተቃጥሏልም። በመንሸራተት የጠፋው ጉልበት ሁሉ እዚህ ዘይት ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ኮሮላው ላይ ከሞተሩ በፊት የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ አስቡ።

ተማሪዋ፦ ይኼ ገባኝ። አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። ማርሹን የሚቀይረው ካምቢዮው ራሱ ከሆነ የሾፌሩ ችሎታ የት አለ? መርገጥ ብቻ ነው እኮ።

መካኒኩ፦ ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። በቤት መኪና ቫልቭ ቦዲ የሚባል ክፍል አለ፤ ጠባብ የዘይት መስመሮች የተፈለፈሉበት አሉሚኒየም ነው። በድሮዎቹ ካምቢዮዎች ሁለት ግፊቶች እዚያ ውስጥ ይገፋፋሉ፤ አንደኛው ከመኪናው ፍጥነት ጋር የሚጨምር፣ ሌላኛው ነዳጅ በተረገጠ መጠን የሚመጣ። የፍጥነቱ ሲያሸንፍ ቫልቩ ይንሸራተትና ማርሹ ወደ ላይ ይቀየራል። በአዲሶቹ ኮምፒዩተር ነው የሚወስነው። የእሽቅድምድም ካምቢዮ ላይ ግን ይኼ ይወጣና ማንዋል ቫልቭ ቦዲ ይገባል። ከዚያ ወዲያ ሾፌሩ ዘንጉን ካልገፋ ማርሹ አይቀየርም፣ ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ቢጮህም። ስሙ አውቶማቲክ ይባል እንጂ መቼ እንደሚቀየር የሚወስነው ሰው ነው።

ተማሪዋ፦ መቼ መቀየር እንዳለበት በምን ያውቃል?

መካኒኩ፦ በሙከራ። ሞተሩ ከፍተኛ ጉልበት ከሚሰጥበት ዙር ትንሽ አለፍ ተብሎ ይቀየራል፤ ከቀየሩ በኋላ የሚያርፍበት ዙር አሁንም ጉልበት ያለው እንዲሆን። አንዴ በ6,600፣ አንዴ በ6,800፣ አንዴ በ7,000 እየቀየሩ ሰዓቱን ያወዳድራሉ። ዙሩ ሲደርስ የሚበራ መብራትም ዳሽቦርዱ ላይ ይገጥማሉ። መብራቱን ግን በምን ያህል ትሞዪዋለሽ?

ተማሪዋ፦ በፈለግኩት ዙር ነዋ።

መካኒኩ፦ አይደለም። ዓይንሽ አይቶ እጅሽ እስኪገፋ ጊዜ ያልፋል። ሞተሩ በሴኮንድ 1,500 ዙር የሚጨምር ከሆነና እጅሽ 0.2 ሴኮንድ ከፈጀ፣ 300 ዙር አልፎሻል። ስለዚህ በ7,000 ለመቀየር መብራቱ በ6,700 መብራት አለበት። ይኼ ቁጥር ከሰው ሰው ይለያያል፤ የሾፌሩ ችሎታ የት አለ ላልሽው አንዱ መልስ እዚህ ነው።

ተማሪዋ፦ እጅ ከዘገየ ታዲያ እጅን ለምን አናስወጣም? ዙሩ ሲደርስ በታመቀ ጋዝ ወይም በኤሌክትሪክ ዘንጉን የሚገፋ መሣሪያ አለ። ኮምፒዩተር አይደክምም፣ አይደነግጥምም።

መካኒኩ፦ አለ፤ ብዙዎች ይጠቀሙበታል። የሕጉ ጉዳይ ግን ከዚህ ይነሳል። ኤንኤችአርኤ የሚባለው የአሜሪካ ድራግ ሬስ ማኅበር በፕሮ ስቶክ ምድብ እያንዳንዱ የማርሽ ለውጥ በሾፌሩ እንዲፈጸም ያዝዛል፤ ጊዜ ቆጥሮ በራሱ የሚቀይር መሣሪያ ክልክል ነው። በሌላ በኩል የፍጥነት ቁንጮ በሆነው ቶፕ ፊዩል ምድብ የሚቀየር ማርሽ ጭራሽ የለም፤ ፍሪሲዮኑ ራሱ በተራ እየተያያዘ ጉልበቱን ወደ ጎማ ያደርሳል።

ተማሪዋ፦ እንዲህ ከሆነ ሕጉ ወጥነት የለውም። እዚህ የሚከለከለው እዚያ ይፈቀዳል።

መካኒኩ፦ መጀመሪያ የሚጠየቀው ምድቡ ምን ይለካል የሚለው ነው። አነሳሱን ልንገርሽ። ከእ.ኤ.አ. 1963 ጀምሮ ሩጫው የሚጀመረው የገና ዛፍ በሚሏት የመብራት ምሰሶ ነው። በአንደኛው ሥርዓት 3 ቢጫ መብራቶች በ0.5 ሴኮንድ ልዩነት በተራ ይበሩና አረንጓዴው ይከተላል። በሌላው 3ቱም ባንዴ በርተው ከ0.4 ሴኮንድ በኋላ አረንጓዴው ይመጣል። ቀድሞ የተነሳ ቀይ ይበራበታል፣ ይሸነፋልም። አሁን አውቶማቲክ መኪና ይዘሽ መስመሩ ላይ ቁሚ። ሞተሩ ጮሆ እንዲጠብቅ ትፈልጊያለሽ፣ መኪናው ግን መንቀሳቀስ የለበትም። ምን ታደርጊያለሽ?

ተማሪዋ፦ በግራ እግሬ ፍሬን፣ በቀኝ ነዳጅ።

መካኒኩ፦ እስከ ተወሰነ ዙር ያስኬድሻል፤ ከዚያ ጉልበቱ ፍሬኑን አሸንፎ ይገፋሻል። ስለዚህ ትራንስብሬክ ተሠራ። መሪው ላይ ያለችውን ቁልፍ ስትጫኚ ካምቢዮው አንደኛ ማርሽንና የኋላ ማርሽን ባንዴ ይይዛል። ሁለቱ ስለሚቃረኑ ዘንጉ ይቆለፋል፤ መኪናው ሙሉ ነዳጅ ተረግጦ እንኳ አይነቃነቅም። ቁልፏን ስትለቂ የኋላ ማርሹ ይለቅና ትወረወሪያለሽ። ከዚህ ቀጥሎ ደግሞ የማዘግያ ሳጥን መጣ፤ ሾፌሩ የመጀመሪያውን ቢጫ አይቶ ይለቃል፣ ሳጥኑ የቀረውን ጊዜ ቆጥሮ መኪናውን ያስነሳል። በሱፐር ኮምፕና በሱፐር ጋስ ምድቦች ይኼ ሳጥን ይፈቀዳል፤ በስቶክና በሱፐር ስቶክ አይፈቀድም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አንዱ ምድብ ማሽንን አስተካክሎ የማዘጋጀት ችሎታን ይለካል፣ ሌላው የሰውን ዓይንና እጅ።

ተማሪዋ፦ ማለትም መሣሪያው በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ መሣሪያው በተከለከለበት ምድብ ደብቆ መግባት ነው።

መካኒኩ፦ እሱን ነው የምለው። ብራኬት የሚሉት ውድድር ይኼን ደህና አድርጎ ያሳያል። እያንዳንዱ ሾፌር መኪናው በስንት ሴኮንድ እንደሚጨርስ አስቀድሞ መስታወቱ ላይ ይጽፋል። አንዱ 12.50 ቢጽፍና ሌላው 11.00፣ ዘገምተኛው 1.50 ሴኮንድ ቀድሞ ይነሳል። ከጻፈው በታች በሆነ ሰዓት የገባ ሰው ቀድሞ ቢደርስም ይሸነፋል። የሚያሸንፈው ቃሉንና ሥራውን ያገናኘ ነው። አውቶማቲክ በዚህ ውድድር የተወደደው ለዚህ ነው፤ ኮንቨርተሩ አነሳሱን፣ ካምቢዮው ለውጡን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ያደርገዋል። ያንቺ አሮጌ ኮሮላ ራሱን ካወቀ ውድ መኪናን ይረታል።

ተማሪዋ፦ ይኼ ደስ ይላል። ገንዘብ ለሌለን ተማሪዎች የተሠራ ይመስላል። እንግዲህ የፍጥነት መንገዱ እዚሁ አጠገባችን ነው፤ ሦስት ሦስት መስመር፣ ቀጥ ያለ አስፋልት። ሌሊት ጭር ሲል አንድ ሁለት ጊዜ ሰዓት ብንለካበትስ?

መካኒኩ፦ ተቀመጪና ስሚኝ። መንገዱ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲከፈት የፍጥነት ጣሪያው 120 ኪሎ ሜትር በሰዓት ተብሎ ነው። ከዚህ እስከ አዳማ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሌሊትም ጭነት መኪና ይሄዳል፣ አውቶቡስ ይሄዳል፣ ጎማው ፈንድቶ ጠርዝ ላይ የቆመ ይኖራል። የድራግ ሬስ ሜዳ ግን ከመጨረሻው መስመር በኋላ መኪናው የሚቆምበት ረጅም ባዶ መንገድ አለው፣ በሁለቱም ጎን አጥር አለው፣ አምቡላንስና የእሳት አደጋ ሠራተኛ ይቆምለታል። በሩጫው ውስጥ ያለው ደግሞ አደጋውን አውቆ የገባ ብቻ ነው። የጭነት መኪናው ሾፌርና ረዳቱ አልተጠየቁም፤ አንቺ በነሱ ሕይወት ላይ የመወሰን መብት የለሽም።

ተማሪዋ፦ ልክ ነው፣ እሱን አላሰብኩትም። ሜዳ ቢኖርስ፣ ካምቢዮው ላይ መጀመሪያ ምን መደረግ አለበት?

መካኒኩ፦ ሦስት ነገር፤ ሦስቱም በሕጉ የተጻፉ ናቸው። አንደኛ፣ ማርሽ ገብቶ ሳለ ሞተሩ እንዳይነሳ የሚያደርግ ማብሪያ። ማርሽ ላይ እያለ የተነሳ መኪና ፊት ለፊቱ የቆመውን ይዞ ይሄዳል። ሁለተኛ፣ የኋላ ማርሽ መቆለፊያ። ሾፌሩ በጥድፊያ ዘንጉን ሲመታ በ150 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ሳለ ወደ ኋላ ማርሽ ቢገባ ምን እንደሚሆን አስቢው። ዘንጉ የተለየ ማንሻ ካልተነሳ ወደዚያ እንዳይሄድ ይታገዳል። ሦስተኛ፣ የካምቢዮ መከላከያ። በ10.99 ሴኮንድ ወይም ከዚያ በታች ለሚጨርስ፣ ወይም ከ217 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለሚያልፍ መኪና ኤንኤችአርኤ ግድ ይለዋል፤ ካምቢዮው ቢፈነዳ ስብርባሪውን የሚይዝ ወፍራም ልባስ ነው።

ተማሪዋ፦ ካምቢዮ ይፈነዳል?

መካኒኩ፦ አሜሪካዊውን የድራግ ሬስ ሾፌር ዶን ጋርሊትስን ጠይቂ። እ.ኤ.አ. ማርች 8 ቀን 1970 ሎስ አንጀለስ አጠገብ በነበረው ላየንስ ሜዳ ላይ፣ በእግሮቹ መካከል የነበረው ባለ 2 ማርሽ ካምቢዮ ገና ሲነሳ ፈነዳ። መኪናው ለሁለት ተቆረጠ፣ የቀኝ እግሩ ጫፍ ሄደ። በዚያ ዘመን ሾፌሩ ከሞተሩና ከካምቢዮው ኋላ ነበር የሚቀመጠው። ጋርሊትስ በሕክምና ላይ ሳለ ሞተሩን ከሾፌሩ በስተኋላ የሚያደርግ መኪና አሰበ፤ በ1971 በፖሞና የተካሄደውን ዊንተርናሽናልስ በዚያ አሸነፈ። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ምድቡ ሁሉ ተከተለው። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ስኮት ካሊታ የሚባል ሾፌር በማጣሪያ ሩጫ ላይ ሕይወቱ ካለፈ በኋላ ለፈጣኖቹ ምድቦች ርቀቱ ከ402 ወደ 305 ሜትር አጠረ። ከነዚህ ደንቦች ብዙዎቹ የተጻፉት ሰው ከተጎዳ በኋላ ነው። እኛ ሌላው የከፈለበትን አንብበን መጀመር እንችላለን።

ተማሪዋ፦ የኛ አየርስ? ቱሉ ዲምቱ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው።

መካኒኩ፦ ጥሩ ጠየቅሽ። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው አምስተኛ እጅ ገደማ ያንሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም በዚያው ልክ ይደክማል። ሞተሩ ሲደክም ኮንቨርተሩን የሚገፋበት ኃይል ያንሳል፤ ስለዚህ ስቶሉ ይወርዳል። ባሕር ዳር አገር ለ5,000 ዙር የተሠራ ኮንቨርተር እዚህ ያንን አይሰጥሽም። ዴንቨር አጠገብ ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ የነበረው ባንዲሚር ሜዳ እስከ እ.ኤ.አ. 2023 ድረስ ትልልቅ ውድድሮችን ሲያስተናግድ ሰዓቶቹ ለከፍታው ይታረሙ ነበር። እናንተም የዩኒቨርሲቲያችሁን ቤተ ሙከራ ተጠቅማችሁ ለቱሉ ዲምቱ የሚሆን ቁጥር ልታወጡ ትችላላችሁ። ይኼ እንኳን ለመመረቂያ፣ ለጋራዡም ይጠቅማል።

ተማሪዋ፦ አንድ የመጨረሻ ክርክር አለኝ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ በየቀኑ የማየው አዲስ መኪና ኤሌክትሪክ ነው። አብዛኛው አንድ ማርሽ ብቻ ነው ያለው፤ ከፍታም ሞተሩን አያደክመውም። ከፋብሪካ እንደወጡ 402 ሜትሩን ከ10 ሴኮንድ በታች የሚጨርሱም አሉ። የማርሽ ሕግ ከኮሮላው ጋር አብሮ ያረጃል።

መካኒኩ፦ ማርሹ ሊያረጅ ይችላል፤ ጥያቄው አያረጅም። በኤሌክትሪክ መኪና ጎማው ሳያንሸራትት ምን ያህል ጉልበት እንደሚለቀቅ በየቅጽበቱ የሚወስን ፕሮግራም አለ። ያን ፕሮግራም ማን ጻፈው? ሁለቱም ተወዳዳሪዎች አንድ ዓይነት ይዘዋል? ከውድድሩ በፊት ታውቋል? መኪናው ከመስመር ሲወጣ ተጠያቂው ማን ነው? ከማርሽ ዘንግ ላይ የተማርነው እዚህም ይሠራል፤ ማሽኑ የሚወስነውና ሰው የሚወስነው አስቀድሞ ተለይቶ ይጻፍ።

ተማሪዋ፦ እንግዲያው ሥራችንን እናሰፋዋለን። ካምቢዮውን አናወርድም። መኪናውን ብቻ ሳይሆን ለኛ ከፍታና ለኛ መኪኖች የሚሆን የብራኬት ደንብም እንጽፋለን፤ የኤሌክትሪክ ምድብ ጨምረን። ግን እርስዎም የድርሻዎን ይውሰዱ ጋሼ። ወጣቱን በመንገድ ላይ አትሩጥ ማለት ብቻውን አይበቃም፤ የት ይሩጥ የሚለውን የሚጠይቅ ትልቅ ሰው ያስፈልጋል።

መካኒኩ፦ እውነትሽን ነው። ዋሊ ፓርክስ እ.ኤ.አ. በ1951 ኤንኤችአርኤን ሲያቋቁም ሐሳቡ ይኸው ነበር፤ ወጣቱን ከመንገድ አንስቶ ወደ ተዘጋ ሜዳ ማስገባት። ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ በካሊፎርኒያ ሳንታ አና የተከፈተው ሜዳም የአውሮፕላን ማረፊያ አስፋልት ነበር፤ በ1953 በፖሞና የመጀመሪያውን ይፋዊ ውድድር ያደረጉትም በኤግዚቢሽን ግቢ የመኪና ማቆሚያ ላይ ነው። ባዶ አስፋልት፣ ፈቃድና የሚቆጣጠር ሰው ነው ያስፈለጋቸው። ደንቡን ጨርሳችሁ አምጡልኝ፤ እኔ የጋራዥ ባለቤቶቹን ሰብስቤ ወደ ክፍለ ከተማው እሄድበታለሁ። የመጀመሪያው አንቀጽ ግን ይኼን ይበል፦ ማርሹ በምንም ዓይነት መሣሪያ ይቀየር፣ መሣሪያው አስቀድሞ ይመዝገብ፤ በመስመሩ ላይ ለሚሆነው ሁሉ ተጠያቂው ግን መሪውን የያዘው ሰው ነው።